እጅ ከፖሉ ላይ ለምን ይንሸራተታል? በፖል ዳንስ ግሪፕ ስለ መምረጥ

ፖል በተባለ የቆመ የብረት ምሰሶ ላይ የሚሠራውን የፖል ዳንስ መማር የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግሞ የሚያነሳው ጥያቄ «እጄን ምን ልቀባው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ስፖርት ሰውነት ከወለል በላይ የሚቆየው በገመድ ወይም በማሰሪያ ሳይሆን ቆዳ ከብረት ጋር በሚፈጥረው ሰበቃ ነው። መዳፍ፣ የክርን እጥፋት፣ ብብት፣ ጎን፣ የጭን ውስጠኛ ክፍልና የጉልበት እጥፋት እንደ እንቅስቃሴው ዓይነት ተራ በተራ የሰውነትን ክብደት ይሸከማሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ባልታሰበ ጊዜ ቢለቅ ሰው ከሁለት ሜትር ከፍታ በጭንቅላቱ ሊወርድ ይችላል። በልምምድ ጊዜ አጭር ልብስ የሚለበሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጨርቅ በለሰለሰ ብረት ላይ ይንሸራተታል፣ ቆዳ ግን ይይዛል። ይሁን እንጂ ምን እንደሚቀባ ከመጠየቅ በፊት ሊመለስ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «እጄ የሚንሸራተተው ለምንድን ነው?» የሚለው ነው። ሠልጣኞች በአጭሩ ግሪፕ የሚሏቸው፣ ቆዳ ፖሉን እንዳይለቅ የሚረዱ ዱቄቶች፣ ፈሳሾችና ቅባቶች ብዙ ዓይነት ናቸው። ለአንዱ መፍትሔ የሆነው ለሌላው ችግሩን አብሶት የሚገኘው የመንሸራተቱ ምክንያት ከሰው ሰው ስለሚለያይ ነው።

ሰበቃ የሚሠራበትን መንገድ በቁጥር ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ፖሉን በሁለት እጁ ጨብጦ እግሩን ከወለል ቢያነሳ የመሬት ስበት 590 ኒውተን በሚያህል ኃይል ወደ ታች ይጎትተዋል። ይህን የሚመክተው ሰበቃ ነው፤ የሰበቃው ጣሪያም እጆቹ ፖሉን የሚጨምቁበት ኃይል በሰበቃ ምጣኔ (ሁለት ነገሮች ምን ያህል እንደሚያያዙ በሚያሳይ ቁጥር) ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ምጣኔው 0.5 ቢሆን እጆቹ በድምሩ 1,180 ኒውተን በሚሆን ኃይል መጭመቅ ይኖርባቸዋል፤ ምጣኔው ወደ 1 ከፍ ቢል 590 ይበቃል፤ ወደ 0.25 ዝቅ ቢል ግን 2,360 ኒውተን ያስፈልጋል፤ ይህም ከብዙ ሰው የእጅ አቅም በላይ ነው። እንግዲህ የግሪፕ ሥራ ይህችን ምጣኔ ማሻሻል እንጂ ለጡንቻ ጉልበት መጨመር አይደለም።

ቆዳ ግን እንደ እንጨትና እንደ ድንጋይ ባለ ቀላል ሕግ አይመራም። ለስላሳ ስለሆነ ሲጫኑት ይለጠጣል፣ ብረቱን የሚነካው ስፋትም በዚያው መጠን ይጨምራል፤ ሰበቃውም ከዚህ እውነተኛ የንክኪ ስፋት ጋር አብሮ ያድጋል። በጣም የደረቀ ቆዳ ጠጣር ስለሚሆን ብረቱን የሚነካው በጥቃቅን ሸንተረሮቹ ጫፍ ብቻ ነው። ጥቂት እርጥበት ሲያገኝ የላይኛው የቆዳ ሽፋን ይለሰልሳል፣ ሸንተረሮቹ ይተኛሉ፣ ንክኪው ይሰፋል፣ መያዙም ይጠነክራል። እርጥበቱ ከዚያ አልፎ በዝቶ በቆዳውና በብረቱ መካከል የውኃ ሽፋን ሲፈጥር ደግሞ ሁለቱ መነካካታቸውን ያቆማሉ፤ ያን ጊዜ እጅ በውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ጥሩ አያያዝ የሚገኘው በመሐል ላይ ነው፤ ከሚገባው በላይ የደረቀም ሆነ ከሚገባው በላይ የረጠበ እጅ ይንሸራተታል። ስለ ግሪፕ የሚሰጠው ምክር ሁሉ መነሻው ይህ በመሆኑ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ማድረቂያ የሚጠቅመው ለረጠበ እጅ ነው፤ እጁ ደርቆ ለሚንሸራተት ሰው ማድረቂያ መስጠት ጉዳቱን መጨመር ነው።

የራስን ሁኔታ ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ በሁለት ወይም በሦስት የልምምድ ቀን ውስጥ በትኩረት መከታተል ይበቃል። ልምምዱ ሲጀመር እጁ ጥሩ ይዞ፣ ሰውነት ሲሞቅ እየለቀቀ የሚሄድ ከሆነ ምክንያቱ ላብ መሆኑ አይቀርም። በመጀመሪያዎቹ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃዎች ምንም አልይዝ ብሎ ኋላ ላይ የሚሻሻል ከሆነ ግን የደረቀ ቆዳ ወይም የቀዘቀዘ ብረት ነው። ፖሉን ለጥቂት ጊዜ ጨብጦ ከለቀቁ በኋላ ብረቱን ማየትም ብዙ ይናገራል፤ የጤዛ መሳይ ጠብታ ቀርቶ ከታየ ላብ ነው፣ ደብዘዝ ያለ ቅባታማ አሻራ ከታየ ሎሽን ወይም የቀደመው ሰው የተወው ቅሪት ነው፣ ምንም ካልታየና እጅ ለእጅ ሲፋተግ የወረቀት ዓይነት ድምፅ ካሰማ ድርቀት ነው። የሰውነት ክፍሎች በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት አይደሉም። በሰውነታችን ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ የላብ ዕጢዎች አሉ፤ በብዛት ተጠጋግተው የሚገኙትም በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ነው። መዳፍ ደግሞ ለሙቀት ብቻ ሳይሆን ለፍርሃትና ለጭንቀት ጭምር ያልባል፤ አዲስ እንቅስቃሴ ሊሞክር የተዘጋጀ ሰው ክፍሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ እጁ የሚረጥበው በዚህ የተነሳ ነው። በአንጻሩ ቅልጥምና ጭን ብዙ ጊዜ ደረቅ ናቸው። በመሆኑም አንድ ሰው ለመዳፉ ማድረቂያ፣ ለእግሩ ደግሞ እርጥበት ሰጪ ሊያስፈልገው ይችላል፤ አንዱን ግሪፕ ከመዳፍ እስከ ቁርጭምጭሚት መለቅለቅ የብዙ ጀማሪዎች ስሕተት ነው።

ከሁሉም በፊት ሊወገድ የሚገባው ግን ሎሽን ነው። በእኛ ቤት ከታጠቡ በኋላ ቫዝሊን፣ ግሊሰሪን ወይም ሎሽን ሳይቀቡ መውጣት እንደ ጉድለት የሚታይ ነውና ይህ ምክር ለብዙዎች ይከብዳል። ሆኖም ጠዋት የተቀባ ቫዝሊን ማታ በልምምድ ሰዓትም ከቆዳው ላይ አለ፤ ሰውነት ሲሞቅ ወደ ላይ ይወጣል፣ ፖሉንም ይለብሰዋል፣ ከኋላ ለሚመጣው ሰውም ይተርፋል። ፀጉርን በቅቤ ወይም በዘይት የተቀባ ሰውም ጭንቅላቱና አንገቱ ብረቱን በሚነኩባቸው እንቅስቃሴዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ያደርሳል፤ በጨርቅ መጠምጠም ይበቃል። ልማዱን መተው አያስፈልግም፣ ሰዓቱን ማዛወር ብቻ ነው፤ ቅባቱ ከልምምድ በኋላ በምሽት ይሁን፣ በልምምዱ ቀን ደግሞ ቆዳው ከቅባት ነጻ ይሁን። ስለ አንድ ግሪፕ «አይሠራም» ሲባል ከምሰማቸው ቅሬታዎች ብዙዎቹ ሥራቸው ቅባት ሆኖ ይገኛል፤ ከሥሩ ቫዝሊን ካለ ከላይ የሚቀባው ሁሉ የሚይዘው ቫዝሊኑን እንጂ ቆዳውን አይደለም።

እጁ የሚያልበው ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ማግኒዥየም ካርቦኔት የተባለውን ነጭ ዱቄት ነው። የጂምናስቲክ ስፖርተኞችና ተራራ ወጪዎች የሚጠቀሙበት ይኸው ነው፤ የትምህርት ቤት ጠመኔ ከካልሲየም ውሁዶች የሚሠራ ሌላ ነገር ስለሆነ ምትኩ ሊሆን አይችልም። ዱቄቱ ላብን ይመጥጣል፤ ነገር ግን ሲበዛ ራሱ በቆዳና በብረት መካከል እንደ አሸዋ የሚንከባለል ሽፋን ይሆናል። በእጅ ቋጥኝ ስለ መውጣት እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አንድ ጥናት ዱቄቱ ሰበቃን እንደሚቀንስ ሲገልጽ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እንደሚጨምር አሳይቷል። ሁለቱም የተደረጉት በድንጋይ ላይ ስለሆነ ለለሰለሰ ብረት በቀጥታ አይሠሩም፤ ከሁለቱ የምወስደው ትምህርት ግን የዱቄቱ ጥቅም በመጠኑ፣ በእጁ ሁኔታና በሚያዘው ነገር ላይ የተመሠረተ መሆኑን ነው። ደረቁ ዱቄት በአየር ላይ ስለሚቦንና ወለሉን ስለሚያለብስ ብዙ የፖል ዳንስ ስቱዲዮዎች አይወዱትም። ፈሳሹ ዓይነት የተሻለ ነው፤ ዱቄቱ በአልኮል ውስጥ የተበጠበጠ ስለሆነ እጅ ላይ ሲፈተግ አልኮሉ ቶሎ ይተንናል፣ በመዳፉ ላይም ስስ ነጭ ሽፋን ብቻ ይቀራል። በአንዳንዱ ውስጥ የጥድ ሙጫ ይጨመርበታል፤ ይህ ለአለርጂ ስለሚያጋልጥ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡት ለላብ ተብለው የተዘጋጁ ማድረቂያዎች ናቸው። «ድራይ ሃንድስ» በጎልፍና በቴኒስ ተጫዋቾች ዘንድም የሚታወቅ ፈሳሽ ሲሆን ጥቂት ጠብታ በመዳፍ ላይ ተፋትጎ ሲደርቅ የማያጣብቅ ስስ ሽፋን ይተዋል። «ማይቲ ግሪፕ» በዱቄት መልክ የሚመጣ ነው፤ አምራቹ እንደሚገልጸው በእጅ ሙቀት የሚነቃ በመሆኑ መጀመሪያ ሲነኩት እንደ ተራ ዱቄት ይሰማና ሲሞቅ መያዝ ይጀምራል፤ ስለዚህም እጁን በደንብ ፈትጎ ያላሞቀው ሰው «ምንም አልሠራልኝም» ሊል ይችላል። እነዚህን ለመዳፍ የምመርጥበት ምክንያት የሚያጣብቅ ነገር ስለማይተዉ እጅ በፖሉ ላይ ሲፈለግ መንሸራተት፣ ሲፈለግ መያዝ ስለሚችል ነው።

ሌላው መንገድ ላቡን ከምንጩ መቀነስ ነው። የአልሙኒየም ጨዎች ያሉባቸው ላብ የሚያግዱ ቅባቶች በላብ ቱቦዎች አፍ ላይ ገብተው ለጊዜው ይደፍኗቸዋል። ሽታን ብቻ የሚያጠፋ ዲዮዶራንት ይህን ስለማያደርግ ሲገዙ በማሸጊያው ላይ የአልሙኒየም ውሁድ መጻፉን ማየት ይገባል። የሚቀቡትም ልምምድ ሊጀምር ሲል ሳይሆን ከዋዜማው ምሽት፣ በደንብ በደረቀ እጅ ላይ ነው፤ በእንቅልፍ ሰዓት ላብ ስለሚቀንስ ጨው በቱቦው ውስጥ የመቀመጥ ዕድል ያገኛል፣ ጠዋትም ይታጠባል። በረጠበ እጅ ላይ ከተቀባ ቆዳን ያቃጥላል። እጁ ያለ ሙቀትና ያለ ሥራ እስኪንጠባጠብ ድረስ የሚያልብ፣ ወረቀት የሚያረጥብ፣ ሰላምታ ለመስጠት የሚያሳቅቅ ሰው ግን ጉዳዩ ከግሪፕ በላይ ነው፤ ከመጠን ያለፈ የእጅ ላብ በሕክምና የሚታወቅ፣ ብዙ ጊዜም በቤተሰብ የሚወረስ ሁኔታ ሲሆን የቆዳ ሐኪም ጠንከር ያለ የአልሙኒየም ክሎራይድ ቅባት ወይም በውኃ ውስጥ ቀላል የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚሰጥበትን ሕክምና ሊያዝ ይችላል። የቦቱሊነም መርፌም አለ፤ ሆኖም በመዳፍ ላይ ሲወጋ የእጅ ጡንቻን ለጊዜው ሊያደክም ስለሚችል ፖል ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር አለበት። ቀድሞ ያልነበረ ብዙ ላብ በድንገት ከመጣ፣ በተለይም ሌሊት ከሆነ ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር ከተያያዘ፣ መሄድ ያለበት ወደ ሱቅ ሳይሆን ወደ ሐኪም ነው።

ቆዳው የደረቀ ሰው የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው። ብዙ ጊዜ ቀላሉ መፍትሔ ይበቃል፤ ሰውነትን በደንብ ማሞቅ፣ ፖሉን በጨርቅ ወይም በእግር እየፈተጉ ማሞቅ፣ ቅልጥምንና ጭንን በጥቂት ውኃ ረጨት አድርጎ እስኪመጠጥ መጠበቅ። ግሊሰሪን ከአካባቢው እርጥበት እየሳበ በቆዳ ላይ ስለሚይዝ በውኃ በጣም ተቀጥኖ በስሱ ከተቀባ ይረዳል፤ ከበዛ ግን እንደማንኛውም ቅባት ያንሸራትታል። «ዲው ፖይንት» የተባለው የሚረጭ ምርት ለእንዲህ ዓይነቱ ደረቅ ቆዳ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። የጢም መላጫ አረፋ በስሱ ተቀብተው እስኪደርቅ የሚጠብቁም ብዙ ናቸው፤ አረፋው ውስጥ ግሊሰሪንና ስቴሪክ አሲድ (ሰም መሳይ የቅባት አሲድ) የተለመዱ ግብዓቶች ስለሆኑ ልማዱ መሠረት አለው።

የምንኖርበት ቦታ ምላሹን ይለውጠዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በበጋ ወራት አየሯ ደረቅና ጠዋቷ ብርድ ስለሆነ ያን ጊዜ የሚቸግረው ድርቀትና የቀዘቀዘ ብረት ሲሆን በክረምት ግን የአየሩ እርጥበት ከፍ ይላል። በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚኖር ሰው በበረዶው ወራት ማሞቂያ ባደረቀው ክፍል ውስጥ ቆዳው ሲሰነጠቅ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው በሐምሌ እርጥበት ይቸገራል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ሰው ከውጭው ወበቅ አልቦ ገብቶ በአየር ማቀዝቀዣ በደረቀ ክፍል ውስጥ ይለማመዳል፤ በዚህ ሁኔታ መጀመሪያ ታጥቦና ተጠራርጎ ጥቂት አረፍ ማለት ከማንኛውም ቅባት ይቀድማል። በቴል አቪቭ የባሕር ዳርቻ የሚሠራው ግሪፕ በኢየሩሳሌም ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ አንዲት ጓደኛ ከሌላ ከተማ ያመሰገነችውን ምርት ከመግዛት በፊት እርሷ የምትለማመድበትን አየር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው ወገን የሚያጣብቁት ናቸው። እነዚህ ላብን አያደርቁም፣ በቆዳና በብረት መካከል የሚሙለጨለጭ ሳይሆን የሚጎተት ሽፋን ያኖራሉ። «አይታክ ቱ» የንብ ሰም ያለበት የታወቀ የዚህ ዓይነት ምርት ሲሆን በተለያየ የጥንካሬ ደረጃ ይሸጣል። በጥድ ሙጫ ማለትም በሮዚን ላይ የተመሠረቱ በሚረጭ መልክ የሚመጡም አሉ፤ ሮዚን የቫዮሊን ተጫዋቾች ደጋናቸውን፣ የባሌ ተወዛዋዦች ጫማቸውን የሚቀቡት ያው ነገር ነው። ኃይላቸው እውነት ነው፤ ጭንቅላት ወደ ታች ሆኖ በአንድ የጉልበት እጥፋት ብቻ ለሚንጠለጠል ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። አጠቃቀማቸው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በላብ ላይ የተቀባ ሰም ከቆዳው ጋር ሳይሆን ከውኃው ጋር ተደባልቆ የሚያዳልጥ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱን ለመጠቀም የፈለገ ሰው አስቀድሞ ማድረቂያውን ቀብቶ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያ የሚያጣብቀውን በአተር ፍሬ መጠን ወስዶ በስሱ መቀባት አለበት፤ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ሁለቱም ይበላሻሉ።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ የሚያጣብቅ ግሪፕ በማይሽከረከር ፖል ላይ መዳፍን መቀባት ነው። ፖል በሁለት መንገድ ይሠራል፤ አንዱ ራሱ በዘንጉ ላይ የሚዞር ሲሆን ሌላው ቆሞ የሚቀር ነው። በሚዞረው ላይ እጅና ብረት አብረው ስለሚዞሩ እጅ ተጣብቆ ቢቀርም ጉዳት የለውም። በማይዞረው ላይ ግን ሰውነት ሲሽከረከር እጅ በብረቱ ዙሪያ መንሸራተት ይኖርበታል፤ እጁ ተጣብቆ ሰውነቱ ከዞረ የሚጠመዘዘው የእጅ አንጓ፣ ክርንና ትከሻ ነው፣ የመዳፍ ቆዳም ይላጣል። ከአንድ ጊዜ በላይ ያየሁት የትከሻ ሕመም መነሻው ድክመት ሳይሆን እጅን እንደ ማጣበቂያ የያዘ ሰም ነበር። ለማይዞር ፖል መዳፍን በማድረቂያ ብቻ፣ የሚያጣብቀውን ደግሞ ለእግርና ለጎን መተው ይሻላል።

ነገሩን ለማስፋት፣ በሕንድ ማላክሃምብ በተባለው ጥንታዊ የእንጨት ምሰሶ ጂምናስቲክ ምሰሶው የሚቀባው የጉሎ ዘይት ነው፤ በባዶ ቆዳ እንጨት ላይ የሚፈጠረው ሰበቃ በዝቶ ቆዳን እንዳይጎዳ ዘይቱ ይቀንሰዋል። በቻይናውያን የሰርከስ ምሰሶ ላይ ደግሞ ብረቱ በጎማ ስለተለበጠ ሰዎቹ ቆዳቸው እንዳይቃጠል ሙሉ ልብስ ለብሰው ይወጣሉ። ሰበቃ ሁልጊዜ የሚጨመር ነገር አለመሆኑን ከእነዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም፤ ተፈላጊው ለሥራው የሚመጥነው ነው።

ፖሉ የተሠራበት ነገርም ግማሹን መልስ ይሰጣል። ለውድድርና ለአብዛኞቹ ስቱዲዮዎች የተለመደው ውፍረት 45 ሚሊ ሜትር ነው፤ 50 ሚሊ ሜትር የሆነውም አለ፣ ትንሽ መዳፍ ላለው ግን ጣቶች ዙሪያውን ስለማይጨርሱ ለመያዝ ይከብዳል። ክሮም የተለበጠው በጣም የተለመደው ነው። ናስ ከክሮም ይልቅ ለሚያልበው እጅ ይይዛል፣ ግን ይጠቁራል፣ ሽታም በእጅ ላይ ይተዋል። በዱቄት ቀለም የተለበጠው በጣም ይይዛል፤ በዚያ ላይ የሚያጣብቅ ግሪፕ መጨመር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል። የኒኬል አለርጂ ያለበት ሰው ከክሮም ሽፋን ሥር ብዙ ጊዜ ኒኬል እንዳለና ሽፋኑ ሲላጥ ቆዳውን ሊያሳክከው እንደሚችል ማወቅ አለበት፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ስቴንለስ ስቲል የተሻለ ምርጫ ነው። ሲልከን የተለበጠ ፖል ደግሞ የሚሠራው በልብስ ነው፤ ሰውነቱን ሸፍኖ መለማመድ ለሚፈልግ ሰው ያለ ምንም ግሪፕ በረጅም ሱሪ ሊሠራበት የሚችል መሆኑን ብዙዎች አያውቁም።

አሁን ወደ አለርጂው ልመለስ። ሮዚን የቆዳ አለርጂ ከሚያስነሱ የታወቁ ነገሮች አንዱ ስለሆነ የቆዳ ሐኪሞች በመደበኛው የአለርጂ ምርመራቸው ውስጥ ያካትቱታል። በማሸጊያ ላይ «ኮሎፎኒየም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ የንብ ሰምም «ሴራ አልባ» (cera alba) በሚል የላቲን ስም ይመጣል። ለቁስል ፕላስተር ማጣበቂያ ቆዳው የሚቀላ ሰው በተለይ ሊጠነቀቅ ይገባል፤ በአንዳንድ ፕላስተሮች ማጣበቂያ ውስጥ ያለው ያው ሮዚን ነውና። አዲስ ምርት ሲገዙ በትንሹ መያዣ መጀመር፣ ለጥቂት ቀናት በክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ጥቂት ቀብቶ መቅላት ወይም ማሳከክ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። አልኮል ያለበት ምርት በተላጨ ወይም በተጫረ ቆዳ ላይ ያቃጥላል፤ ከእሳትና ከሻማ አጠገብም አይከፈትም።

በጋራ በሚሠራበት ፖል ላይ የአንዱ ግሪፕ የሌላው ችግር ይሆናል። አንዱ የተወው ሰም ቀጥሎ ለሚመጣው በጭፍን የሚያጣብቅ ቦታ ነው፤ መንሸራተት በጠበቀበት ቦታ እጁ ድንገት ቢቆም ሊጎዳ ይችላል። ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ብረቱን በንጹሕ ጨርቅና ከፋርማሲ በሚገኘው 70 በመቶ አልኮል መጥረግ ግዴታ ሊሆን ይገባል፤ ክሮምና ስቴንለስ ስቲል ይህን ይችላሉ፣ የተቀባ ወይም ሲልከን የለበሰ ፖል ግን አምራቹ የጻፈውን መመሪያ ሳያነቡ በአልኮል መነካት የለበትም። የቤት ዕቃ ማስወልወያ ቅባት በምንም ዓይነት ፖል ላይ አይደረግም። ወደ ውድድር የሚሄድ ሰውም የተፈቀደው ግሪፕ ከደንብ ደንብ ስለሚለያይ የዚያን ውድድር ደንብ አስቀድሞ ማንበብ አለበት።

ጀማሪ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግሪፕ ይቀባ ወይስ አይቀባ በሚለው ላይ አስተማሪዎች አይስማሙም። እኔ የምለው ማድረቂያ ለሚያልበው ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይፈቀድለት፣ የሚያጣብቀው ግን ቢያንስ መሠረታዊ አወጣጥና አቀማመጥ እስኪለመድ ይቆይ ነው። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ መያዝ ያቃተው ሰው ችግሩ የክንድ ጉልበት ወይም የሰውነት አቀማመጥ ሊሆን ይችላል፤ ሰሙ ይህን ይሸፍናል፣ እጁ የደከመ ሰውም መድከሙን ሳያውቅ ከፍ ብሎ ይወጣል። ሁለተኛ፣ መንሸራተትን የፈራ ጀማሪ ፖሉን ከሚገባው በላይ ይጨምቃል፤ ይህ ለሳምንታት ሲደጋገም የክርን ጅማት ሕመም ያመጣል። ላቡ የሚበዛበት ሰው በማድረቂያ ሲታገዝ መጨመቁን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ማድረቂያ ለእርሱ ምቾት ብቻ ሳይሆን የመገጣጠሚያ ጥበቃም ነው።

ምርጫውን በግምት ሳይሆን በሙከራ ማድረግ ይቻላል። ቅባት የሌለው እጅ በሳሙና ታጥቦና ደርቆ፣ ቀኝ መዳፍ አንዱን ግሪፕ፣ ግራ መዳፍ ሌላውን ይቀባል፤ የአንድ ወይም የሁለት ደቂቃ መድረቂያ ጊዜ ይሰጣል፤ ከዚያ እግር ወለል ሳይለቅ፣ ፖሉን በአንድ እጅ ጨብጦ ክብደትን ቀስ በቀስ ወደ ኋላ መጣል የትኛው እንደሚይዝ ያሳያል። ከሃያ ደቂቃ ልምምድ በኋላ ይኸው ይደገማል፤ መጀመሪያ ያሸነፈው ኋላ ላይ ሊሸነፍ ይችላልና። በሌላ ቀን እጆቹ ይቀያየሩ፤ የሚበረታው እጅ ለምርቱ ያልሆነ ምስጋና እንዳይሰጥ። የቀኑን አየር፣ የክፍሉን ሙቀትና የተቀባውን መጠን በአጭሩ መጻፍ ከአራት ልምምድ በኋላ ግልጽ መልስ ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማንም ሰው አዲስ ግሪፕ ተቀብቶ ተዘቅዝቆ መንጠልጠል የለበትም፤ ከፖሉ ሥር ወፍራም ፍራሽ ይነጠፍ፣ ከፍታውም ቢለቅ በእግር ሊቆምበት ከሚችለው አይለፍ።

ልምምዱ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም መውጣት አለበት። ማድረቂያዎች በሳሙናና በውኃ ይለቃሉ። ሰምና ሮዚን ግን ውኃን ይገፋሉ፤ መጀመሪያ በጥቂት የምግብ ዘይት ፈትጎ ማሟሟት፣ ከዚያ በሳሙና መታጠብ ይቀላል። የታጠበው ቆዳ አልኮልና ዱቄት ያደረቀው ስለሆነ ጠዋት የተከለከለው ሎሽን ወይም ቫዝሊን ቦታውን የሚያገኘው በዚህ ሰዓት ነው፤ የተሰነጠቀ መዳፍ ሌሊቱን ካልዳነ ለሚቀጥለው ልምምድ የሚያቃጥልና የማይይዝ ሆኖ ይጠብቃል።